የሙዚቃ ቴክኖሎጂ ክበብ ዘገባ፦ 48ኛው ድምፅ የቱ ነው?

ክበባችን ዓመቱን የጀመረው ዜማ በማቀናበር ሳይሆን ጓዳ በማጽዳት ነው፤ ጓዳ የምለውም በኮምፒውተራችን ውስጥ ያለውን የድምፅ ማኅደር ነው። ቀደም ያሉት አባላት በሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ በሚፈጥረው መሣሪያ) የሠሯቸውን ድምፆች፣ በሙያው አጠራር ፓቾችን፣ «አዲስ 1»፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻው መጨረሻ» እያሉ አስቀምጠዋቸው ስለሄዱ፣ አንድ የቤዝ ድምፅ የፈለገ ተማሪ የልምምዱን ሰዓት እኩሌታ ፋይል ሲከፍትና ሲዘጋ ያሳልፍ ነበር።

የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት ለስያሜ ብቻ ሰጠነው። ከረጅም ክርክር በኋላ የድምፁ ዓይነት፣ ማለትም ቤዝ (ወፍራም)፣ ፓድ (ለስላሳ አጃቢ)፣ ሊድ (ዜማ መሪ) ወይም ብራስ (የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያ)፣ በስሙ መጀመሪያ እንዲጻፍ፣ ጠባዩም እንዲከተል ተስማማን፤ ሶፍትዌሩ ስሞቹን በፊደል ተራ ሲደረድር አንድ ዓይነት ድምፆች ጎን ለጎን ይውላሉና። ድምፁ ባገለገለበት ዜማ ስም ይሰየም ያሉም ነበሩ። እኔ ግን አልደገፍኩትም፤ ዜማው ከዝግጅቱ ማግስት ይረሳል፣ ቤዙ ግን ቤዝ እንደሆነ ይኖራል።

ፓች የሚለው ቃል የመጣው የቀድሞዎቹን ሲንተሳይዘሮች ክፍሎች እርስ በርስ ከሚያገናኙት ገመዶች ነው። ያን ጊዜ ድምፅን ለማስቀመጥ የነበረው ዘዴ የገመዶቹንና የማዞሪያዎቹን አቀማመጥ በወረቀት ላይ መሳል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ፕሮፌት 5 አርባ ድምፆችን በራሱ ማስታወሻ መያዙ ትልቅ እፎይታ የሆነውም ለዚህ ነው። አባላቱን አንድ ቀን በወረቀት አሠራኋቸው፤ የአንዱን ሥዕል ሌላው እያየ ድምፁን መልሶ ሲያወጣ አንድም ጥንድ አልገጠመም፤ የማጣሪያው ማዞሪያ ጥቂት ሲዛነፍ ድምፁ ሌላ ይሆናልና።

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የሚዲ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበያ የቀረበው ይህ የመሣሪያዎች መግባቢያ በአንድ መስመር 16 ቻናሎች፣ ማለትም የተለያዩ የመልእክት መተላለፊያዎች፣ ሲኖሩት፣ በእያንዳንዱ ቻናል ድምፅ የሚመረጠው ከ0 እስከ 127 ባለ ቁጥር ነው። ጣጣው ያለው ከዚያች ዜሮ ላይ ነው። በአንድ ልምምድ ላይ ለስላሳ የቫዮሊን ኅብረ ድምፅ ስንጠብቅ ቲምፓኒ የሚባለው ትልቅ ከበሮ ጎርምርሞ ተነሣ፤ ሳቁ እስኪበርድ ልምምዱ ቆመ። ትራኩን ያዘጋጀችው ተማሪ ግን ምንም አልተሳሳተችም፤ በመሣሪያው ሠንጠረዥ ላይ ያገኘችውን 48 እንዳለ ጽፋለች። ሠንጠረዡ ከዜሮ ይቆጥራል፣ ሶፍትዌራችን ግን ከአንድ ስለሚቆጥር የጻፈችውን 48 ወደ መሣሪያው 47 አድርጎ ላከው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው፣ ለመሣሪያዎች የጋራ የድምፅ ቁጥር በሚሰጠው በጄኔራል ሚዲ ድርድር ደግሞ ከዜሮ ሲቆጠር 47 ቲምፓኒ ነው። ከዚያ ወዲህ በማስታወሻ ደብተራችን ላይ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ «ከ0» ወይም «ከ1» ተብሎ ይጻፋል።

ከ128 በላይ ድምፅ ያላቸው መሣሪያዎች ድምፆቻቸውን በባንክ ይከፋፍላሉ፤ ባንኩም መቆጣጠሪያ ቁጥር 0 እና 32 በሚባሉት የሚዲ ትእዛዞች ይመረጣል። የባንኩ ትእዛዝ ግን ብቻውን ድምፅ አይለውጥም፤ የድምፁ ቁጥር ተከትሎት እስኪደርስ ድረስ ይጠብቃል። ሁለቱን አገላብጠው የላኩ አባላት «መሣሪያው ተበላሽቷል» ብለውኝ ነበር።

በመጨረሻ የባንኮቹንና የድምፆቹን ስም ለሶፍትዌሩ የሚነግር ፋይል አዘጋጀን። የትየባው ሥራ አሰልቺ ነበር፤ ዛሬ ግን ማንም አባል በቁጥር ፈንታ ከዝርዝሩ ስም ይመርጣል። የአሮጌው ሲንተሳይዘራችን የማስታወሻ ባትሪ በዓመቱ አጋማሽ አልቆ ድምፆቹ ሲጠፉብንም የተረፉት በሲስተም ኤክስክሉሲቭ (የአንድን መሣሪያ የራሱን መረጃ በሚያስተላልፍ የሚዲ) መልእክት ወደ ኮምፒውተር ቀድተናቸው የነበሩት ብቻ ናቸው። አሁን ቅጂው በየወሩ ይወሰዳል፤ በፋይሉ ስም ላይም ቀኑ ይጻፋል።

በቻናል 10 የምናጫውታቸው የከበሮ ድምፆች ገና አልተነኩም። አቃፊያቸው «ልዩ ልዩ» ይላል፤ ለመጪው ዓመት አባላትም የተላለፈው እንዳለ ነው።