ሐኪሞቻችንን የሚያገናኝ አንድ ደብተር፦ የድጋፍ ጥሪ

ወዳጆች፣ ገንዘብ ልጠይቃችሁ ነው። ለምን እንደሆነ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እኔና አብረውኝ ያሉት ሰዎች የምንኖረው ከአንድ በላይ ሥር የሰደደ ሕመም ይዘን ነው። አንዷ ሉፐስ አለባት፣ ኩላሊቷንም ነክቷታል። ሌላዋ ሩማቶይድ አርትራይተስ (መገጣጠሚያን የሚያሳብጥ ሕመም) ላይ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ችግር ተደርቦባታል። ከጀርም ሊጠብቀን የሚገባው የሰውነታችን መከላከያ ዞሮ የገዛ መገጣጠሚያችንን፣ ቆዳችንን፣ ኩላሊታችንን ያጠቃል። እንዲህ ያሉ ሕመሞች ከ80 በላይ ናቸው፤ አንዱ የያዘው ሰው ሌላ የመጨመር ዕድሉም ከፍ ይላል። ሉፐስ ከያዛቸው 10 ሰዎች 9ኙ ገደማ ሴቶች ናቸው፣ ብዙዎቹንም የሚጀምራቸው ገና በሚማሩበት፣ በሚሠሩበት፣ በሚወልዱበት ዕድሜ ነው። ከውጭ ስንታይ ደህና ነን። «ምንም አልሆንሽም እኮ» መባሉ ራሱ ያደክማል።

የዛሬው ጉዳዬ ግን መድኃኒቱ ነው። ብዙ ሕመም ያለበት ሰው ብዙ ሐኪም አለው፦ የመገጣጠሚያ፣ የኩላሊት፣ የዓይን፣ የሆርሞን። እያንዳንዱ የራሱን ያዝዛል፣ ሌላው ምን እንዳዘዘ ሁልጊዜ አያውቅም፤ ሁሉንም በጭንቅላቱ ይዞ ከክፍል ክፍል የሚዞረው ታማሚው ነው፣ ያውም ስሙን ለመጥራት እንኳ አቅም በሚያጣበት ቀን። መድኃኒቶቹ ደግሞ ስህተት አይወዱም። ሜቶትሬክሴት የሚባለው፣ የሰውነት መከላከያን የሚያረጋጋ መድኃኒት ለእነዚህ ሕመሞች የሚወሰደው በሳምንት 1 ቀን ብቻ ነው፤ ተሳስቶ በየቀኑ የዋጠ ሰው ሊሞት ይችላል። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው «ተሽሎኛል» ብሎ በአንድ ጊዜ ማቆም የለበትም፣ ምክንያቱም ሰውነቱ ኮርቲሶል የሚባለውን የራሱን ሆርሞን መሥራት ቀንሶ ስለቆየ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። መድኃኒቱ የደም ስኳርንና የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፣ ስለዚህ የስኳር ሐኪሙም ማወቅ አለበት። ለሉፐስና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚታዘዘውን ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለዓመታት የሚወስድ ሰው የዓይን ምርመራ ያስፈልገዋል። የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ትኩሳት ሲይዘው «ጉንፋን ነው» ብሎ ሳይተኛ ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ይህን ሁሉ በቃል መያዝ አይቻልም። ስለዚህ በኪስ የሚያዝ ደብተር እያዘጋጀን ነው። በመጀመሪያው ገጽ የሕመሞቹ ስም፣ የማይስማማ መድኃኒትና ድንገት ሲወድቁ የሚደወልለት ሰው ይሰፍራል። ቀጥሎ የሚወሰደው መድኃኒት ሁሉ፣ መጠኑና ማን እንዳዘዘው። ከዚያ የላብራቶሪ ውጤት፣ ሕመሙ ያገረሸባቸው ቀናት፣ ለሐኪም የሚነገር ጥያቄ። ከኋላ ስለ መድኃኒቶቹ በቀላል አማርኛ የተጻፉ ማስጠንቀቂያዎች አሉ። ዓይናቸው ለደከመ ደግሞ በድምፅ እንቀዳዋለን። ደብተሩ በነጻ ነው የሚታደለው፣ በዚህ ላይ አንደራደርም፤ መድኃኒት ለመግዛት የሚቸገር ሰው ለወረቀት መክፈል የለበትም።

የጎደለን የማተሚያና የድምፅ መቅጃ ወጪ ነው። ትንሽ ትልቅ ሳትሉ የቻላችሁትን አዋጡ፤ በየወሩ ጥቂት የሚሰጥ ሰው በጣም ይጠቅመናል፣ ምክንያቱም ደብተር ያልቃል፣ እንደገና መታተም አለበት። የገባውንም የወጣውንም ከነደረሰኙ ለሁላችሁም እናሳያለን። ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ከሆናችሁ ገንዘባችሁን ሳይሆን ዓይናችሁን እንፈልጋለን፦ የማስጠንቀቂያ ገጾቹን አንብባችሁ አርሙልን። ያለ እናንተ ፊርማ አናትማቸውም።

ለመርዳት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የሒሳብ ቁጥሩን እልክላችኋለሁ። ራሳችሁ ታማሚ ከሆናችሁም ጻፉ፤ በደብተሩ ውስጥ ምን እንዲኖር እንደምትፈልጉ ንገሩን፣ ገና አልታተመም።