ሐምሌ 16 ቀን ከመርከብ ሰልፉ ያወጣችሁን ለምንድን ነው?

ለወደብ ፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ የበላይ ኃላፊ
ኤጌያን ባሕር፣ ግሪክ

ጉዳዩ፦ ሦስት ጊዜ ጽፌ መልስ ያላገኘሁበት ጥያቄ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህ አራተኛው ደብዳቤዬ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ሦስተኛውን ግሪካዊት የሥራ ባልደረባዬ ተርጉማልኝ በራሳችሁ ቋንቋ ላክሁት። ለመጀመሪያው «መልእክትዎ ደርሶናል» የሚል አውቶማቲክ መልስ መጣ። ለሁለተኛው በሁለት መስመር «ስለ ትኬቱ የመርከብ ኩባንያውን ይጠይቁ» ተባልኩ። እኔ ስለ ትኬት አልጠየቅኋችሁም። ለሦስተኛው እስከ ዛሬ ምንም የለም። ስለዚህ ይህንን በአማርኛና በአደባባይ እጽፋለሁ። እርስዎ ማስተርጎም ይችላሉ። ወገኖቼ ደግሞ በየክረምቱ ወደ እናንተ ባሕር እየመጡ ነውና እነሱም ያንብቡት።

የደሴቲቱን ስም እዚህ አልጠራም። የበታቾችዎንም ማንነት አልጽፍም። ቀኑ፣ ሰዓቱና በሩ በቀደሙት ደብዳቤዎቼ ላይ ሰፍሯል። እርስዎ ያውቁታል።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ጀርመን፣ ኑረምበርግ ነው። እኔ በአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ነኝ። እሱ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ከተጋባን 10 ዓመት ሞላን። በእነዚህ ዓመታት ዕረፍት ስንወጣ ወይ አገር ቤት እንሄዳለን፣ ወይ ቤታችን እንተኛለን። ዘንድሮ ግን ለብቻችን የሆነ ቦታ እንሂድ ተባባልን። ዕቁብ ገባን። መጋቢት ላይ ዕጣው ሲወጣልን ያንኑ ማታ ካርታ ዘርግተን ቁጭ አልን።

ከደሴት ደሴት በመርከብ መዞር ነበር ሐሳባችን። ከሮድስ እንጀምራለን፣ ሲሚን እናያለን፣ እናንተ ደሴት ላይ ጥቂት ቀን እናርፋለን፣ መጨረሻችን ፓትሞስ ይሆናል። እናንተ ፓትሞስ ትሏታላችሁ። እኛ ከልጅነታችን የምናውቃት ፍጥሞ ብለን ነው። ዮሐንስ ራእዩን ያየባት ደሴት ናት። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ በባሕር ካልሆነ አይደረስባትም። ከወደቧ ወደ ላይኛው ከተማ ሲወጣ መንገድ ላይ ዋሻው አለ። ከላይ ደግሞ በ1088 የተመሠረተው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም አለ። ይህን ሁሉ ከመሄዳችን በፊት ደጋግመን አንብበን በቃላችን ይዘነው ነበር።

እናቴ ደብረ ብርሃን ነው ያለችው። ወደ ፍጥሞ እንደምንሄድ ስነግራት ስልኩ ላይ እልል አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከዋሻው ደጃፍ ትንሽ አፈር ያዢልኝ» አለችኝ።

ይህን የምነግርዎት እንዲያዝኑልኝ ብዬ አይደለም። ያቺ መርከብ ለእኛ ምን እንደነበረች ይወቁ ብዬ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት በጣም ደስ ይሉ ነበር። ሮድስ ላይ በማንድራኪ ወደብ ዳር ጣሊያኖች የሠሯቸው ትልልቅ ሕንፃዎች አሉ። ባለቤቴ ታሪክ ማንበብ ይወዳል። እነዚህ ደሴቶች ከ1912 ጀምሮ በጣሊያን እጅ እንደነበሩ ነገረኝ። ለግሪክ የተሰጡት በየካቲት 1947 ፓሪስ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል ነው (በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ውል ውስጥ ጣሊያን የኢትዮጵያን ነፃነትና ሉዓላዊነት ለማክበር ቃል ገብታለች። አንድ ውል፣ የእናንተ ደሴቶችና የእኛ አገር። እሱ ያደገው አዲስ አበባ ነው። እዚያ የግሪኮች ትምህርት ቤት አለ፤ ስለ ከተማው ግሪኮች ብዙ ያስታውሳል። ያን ምሽት ባሕሩ ዳር ተቀምጠን ስናወራ ባዕድ አገር ያለን አልመሰለንም።

ሲሚ ላይ የሊቀ መላእክት የቅዱስ ሚካኤል ገዳም አለ፤ ፓኖርሚቲስ ይባላል። የሄድንበት ቀን ሐምሌ 12 ነበር። ሳናስበው በሚካኤል ቀን ሚካኤል ደረስን። ነጠላዬን አጣፍቼ ገባሁ። አንዲት አሮጊት ጥለቱን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉትና ሻማ ሰጡኝ። በቋንቋ አልተግባባንም። ጎን ለጎን ቆመን አበራን።

ሐምሌ 16፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት ጠዋት፣ እናንተ ወደብ ላይ ለፍጥሞ መርከብ ተሰለፍን። መርከቧ የምትነሳው 3 ሰዓት ላይ ነበር። እኛ አንድ ሰዓት ቀድመን ደርሰናል። ከፊታችን ልጆች የያዙ ጣሊያናውያን ነበሩ። ከኋላችን ጀርመንኛ የሚያወሩ ወጣቶች። በሩ ላይ የመርከቡ ሠራተኛ ትኬት ያያል። አጠገቡ ሁለት የእናንተ ሰዎች ቆመዋል። ከፊታችን የነበሩት ሁሉ ትኬታቸውን እያሳዩ አለፉ። አንዳቸውም መታወቂያ አልተጠየቁም። እኛ ስንደርስ አንደኛው ክንዱን ዘርግቶ አስቆመን። ወረቀት አሳዩ አለን።

ባለቤቴ የጀርመን ፓስፖርቱን ሰጠ። እኔ የኢትዮጵያ ፓስፖርቴንና የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ካርዴን ሰጠሁ። ሁለቱም ጊዜያቸው ያላለፈ ነው። ወደ ጎን ቁሙ አለን። ከኋላችን የነበሩት ወጣቶች ማለፍ ጀመሩ። አንደኛዋ ልጅ ነገሩ አላስቻላትም መሰለኝ ቆማ የራሷን መታወቂያ አውጥታ ዘረጋችለት። አልተቀበላትም። እለፊ አላት።

ከዚያ የባለቤቴን ፓስፖርት ፎቶ በጥፍሩ ፋቀው። ፀሐይ ላይ ከፍ አድርጎ አየው። ቀጥሎም «የት ነው የገዛኸው?» ብሎ ጠየቀው።

ክቡር ኃላፊ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር በሦስቱም ደብዳቤዎቼ ውስጥ ጽፌዋለሁ። የሚያነበው ሰው እንዳለ አላውቅም። ባለቤቴ ያንን ፓስፖርት ያገኘው 14 ዓመት ሠርቶ፣ ግብር ከፍሎ፣ ቋንቋ ተፈትኖ ነው። በየቀኑ ሌሊት 9 ሰዓት እየተነሳ የሰው ልጅ ወደ ሥራው የሚያደርስ ሰው ነው። በሰው ፊት፣ በሚስቱ ፊት፣ እንደ ሌባ የት ገዛኸው ተባለ። መልስ አልሰጠም። እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። በ10 ዓመት ትዳር ውስጥ እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቼ አላውቅም።

አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቡን። ስልካችንን ወሰዱ። ሰነዳችሁ ይጣራል አሉን። እንዴት እንደሚጣራ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ የነገረን የለም። ሦስት ሰዓት ላይ የመርከቧን ጡሩምባ ከዚያ ክፍል ሆነን ሰማነው። ባለቤቴ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ተቀመጥ አሉት። ተቀመጠ።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ልጅ ነበር። ቢበዛ 17 ዓመት ቢሆነው ነው። ኤርትራዊ ነው፤ አማርኛ ትንሽ ይችላል። ጫማ አልነበረውም፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጨው ሠርቶበታል። «እናንተም በጀልባ ነው የመጣችሁት?» አለኝ። ሽርሽር ነው የመጣነው ማለት አፌ ላይ አልወጣ አለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ውሃና ብስኩት ሰጠሁት። እዚያ በቆየንበት ጊዜ ሁሉ አንድ ሰው ቀርቦ ሲያናግረው አላየሁም። ከእሱ ለይታችሁ እዩኝ እያልኩ አይደለም። እሱም እንደዚያ መቀመጥ አልነበረበትም። የት እንደደረሰ በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ጠይቄያችኋለሁ። አሁንም እጠይቃለሁ።

ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ሌላ ሰው መጣ። ፓስፖርቶቻችንን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሂዱ አለን። ይቅርታ አልነበረም። ምን ተገኘብን ብለን ጠየቅን፤ ምንም አለን። ከአራት ሰዓት በላይ እዚያ እንደቆየን የሚገልጽ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ለመንኩት። እንዲህ ያለ ወረቀት አንሰጥም አለኝ።

የሚቀጥለው የፍጥሞ መርከብ ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። እኛ ደግሞ ከአቴንስ የምንመለስበት አውሮፕላን ደርሷል። ፍጥሞ ላይ የከፈልነው ሆቴል ገንዘቡ አይመለስም። የመርከብ ኩባንያው «መርከቡ በሰዓቱ ተነስቷል፣ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ» አለን። እውነቱን ነው። የ2010 የአውሮፓ የባሕር መንገደኞች ደንብ የሚያወራው ስለዘገየና ስለተሰረዘ ጉዞ ነው። መርከቧ አልዘገየችም። ወደ አቴንስ ወደብ፣ ወደ ፒሬየስ የሚሄደውን የማታ መርከብ ይዘን ሌሊቱን ሙሉ ሳንነጋገር ተቀመጥን።

በማግስቱ እናቴ ደወለች። «ፍጥሞ ደረሳችሁ?» አለች። ነፋሱ በርትቶ መርከቡ ቀረ አልኳት። በዚያ ወር ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ አለ፤ መርከብ ያስቀራል፤ ስለዚህ አመነችኝ። የ71 ዓመት እናቴን ዋሸሁ። ምንም ሳላጠፋ አፍሬ ነው የዋሸሁት። ከትኬቱም ከሆቴሉም በላይ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ሕጉን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። መታወቂያ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ከ2016ቱ የአውሮፓና የቱርክ ስምምነት ወዲህ በእነዚያ ደሴቶች ጥገኝነት የጠየቁ ሰዎች ያለ ፈቃድ ለቀው እንዳይወጡ ስለሚደረግ፣ በመርከብ በሮች ላይ ቁጥጥር እንዳለ አውቃለሁ። ሥራችሁ ነው። ግን ከአንድ የሼንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድና ፓስፖርት የያዘ ሰው በሌሎቹ የሼንገን አገሮች በ180 ቀናት ውስጥ እስከ 90 ቀን መዘዋወር ይችላል። ካርዴን ገልብጦ ለሚያይ ሰው ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የባለቤቴማ የአውሮፓ ዜጋ ፓስፖርት ነው። ያንን ረጅም ሰልፍ ሁሉ አሳልፋችሁ ሁለታችንን ብቻ ያስቀራችሁት በምን ለይታችሁ ነው? ትኬታችን ከሌላው ሰው ትኬት አይለይም። ሻንጣችን አይለይም። የሚለየው ቆዳችን ብቻ ነው። ሌላ ምክንያት ካለ ይጻፉልኝ፤ አንብቤ አምናለሁ።

በጥቅምት 2022 የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት አንድ ውሳኔ ሰጥቷል። የህንድ ዝርያ ያለው ጀርመናዊ ከልጁ ጋር ባቡር ላይ ሳለ ፖሊሶች መጥተው መታወቂያ ጠየቁት። በቆዳዬ ለይታችሁኝ ነው ብሎ አቤት አለ። ፍርድ ቤቱ በጀርመን ላይ የፈረደው አቤቱታውን ነፃ በሆነ አካል በአግባቡ ስላላስመረመረች ነው። የተፈረደባት እኔ የምኖርባት አገር ናት። ግሪክም በዚያው ፍርድ ቤት ሥር ናት። እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲደርሳችሁ መመርመር ግዴታችሁ ነው ማለት ነው። እናንተ ለእኔ የላካችሁት ሁለት መስመር ነው።

በመጀመሪያው ደብዳቤዬ የበሩ ካሜራ ቅጂ እንዳይጠፋ ለምኜ ነበር። የጻፍኩት ከደረሰብን አራት ቀን ሳይሞላ ነው። ያኔ ቅጂው ይኖር ነበር። አሁን መኖሩን እንጃ። ዝም ባላችሁ ቁጥር ማስረጃዬ እየጠፋ እንደሆነ ይገባኛል። ይህንንም በጣም እቃወማለሁ።

ሦስተኛውን ደብዳቤ የተረጎመችልኝ ግሪካዊት ባልደረባዬ «የት ነው የገዛኸው» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆማ ወጣች። ተመልሳ ስትመጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። አባቷ በስልሳዎቹ ወደ ጀርመን የመጡ ሠራተኛ ናቸው። እሳቸውም ባቡር ጣቢያ ላይ ወረቀታቸው እየተገላበጠ እንደሚቆሙ ነገረችኝ። ከእርስዎ ያላገኘሁትን ይቅርታ እሷ ጠየቀችኝ። እሷ ግን ምንም አላደረገችኝም።

የምፈልገው ትንሽ ነው። በምን ምክንያት እንደተያዝን በጽሑፍ ይነገረን። ያ ጥያቄ ለባለቤቴ የቀረበበትን ሁኔታ መርምሩና ውጤቱን አሳውቁን። ባለቤቴን ይቅርታ ጠይቁት። ይህ ደብዳቤም ዝም ከተባለ፣ ማመልከቻዬን ለግሪክ የእንባ ጠባቂ ተቋም አስገባለሁ። በፖሊስና በባሕር ጠረፍ ጥበቃ አባላት ላይ የሚቀርብ አቤቱታን መመርመር የዚያ ተቋም ሥልጣን እንደሆነ ያውቃሉ።

ትናንት ለእናቴ ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ባልሽ እንዴት ነው?» አለች። ደህና ነው አልኳት። «አፈሩን በሚቀጥለው ታመጪልኛለሽ» አለችኝ።

ዕቁቡን እንደገና ገብተናል። በሚቀጥለው ሐምሌ 16 ከዚያችው ደሴት፣ ከዚያው በር፣ የፍጥሞን መርከብ እንይዛለን። ይዘን የምንመጣው እነዚያኑ ሰነዶች ነው። መልስዎ ከዚያ በፊት እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ። አድራሻዬ በሦስቱም ደብዳቤዎች ላይ አለ።

ኑረምበርግ፣ ጀርመን