በስድስት ቀን ሁለት ኪሎ

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ

ውዷ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ክረምቱ ገብቷል። የገርጂ መንገድ እንደምታውቂው ጭቃ ነው። መብራት ሄዷል፣ በሻማ ነው የምጽፍልሽ። ስልክ ላይ ብጀምረው ግማሽ ላይ አጠፋዋለሁ ብዬ ፈራሁ። ስድስት ወር ሙሉ እንደዚያ ሳደርግ ነበር። ወረቀቱን ጨርሼ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። ጽሑፌ ካልተነበበልሽ የራስሽ ጥፋት ነው፣ አሥረኛ ክፍል እያለን ደብተሬን ስትገለብጪ አንድም ቀን አላማረርሽም።

የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ሁሉ ሰምቻለሁ። «ኧረ በሕይወት አለሽ ወይ?» ያልሽውን ሦስት ጊዜ ነው የሰማሁት። ተቆጥተሽ እንዳልነበር ከድምፅሽ ያስታውቃል። ብትቆጪኝ ይሻለኝ ነበር።

በመጀመሪያ ልናዘዝ። ከእህትሽ የሠርግ መልስ የቀረሁት ታምሜ አልነበረም። ጉንፋን የሚባል ነገር አልነካኝም። ቀሚሴን አሰፍቼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ክትፎውን ፈርቼ ነው። «እኔ ስለሌለሁ አንቺ ከጎኗ ሁኚልኝ» ብለሽኝ ነበር፣ እኔ ግን ከሚዛን ጋር ስጣላ ቀረሁ። ከዚያ «ተሻለሽ ወይ?» ብለሽ ስትጽፊልኝ ምን ብዬ ልመልስ? አንዱን ውሸት በሌላ ውሸት ከመደገፍ ዝም አልኩ። ዝምታው ደግሞ በየሳምንቱ እየከበደ ሄደ።

በዚያው ሳምንት ሌላም ነገር ጠይቀሽኝ ነበር። «እንዴት ነው የቀነስሽው? እኔም ልጀምር» ብለሽ። መልሱን አሁን ልንገርሽ፤ ከቅነሳው ይልቅ ከቅነሳው በኋላ ያለውን። ማንም ያልነገረኝ እሱን ነው።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ 76 ኪሎ ነበርኩ። ካሎሪ የሚቆጥር አፕ ስልኬ ላይ ጫንኩ፣ ትንሽ የማዕድ ቤት ሚዛን ገዛሁ፣ በቀን 1,400 ካሎሪ ብዬ ጀመርኩ። እንጀራ ቆርጬ ስመዝን እናቴ አየችኝና «ወርቅ ቤት ከፈትሽ እንዴ?» አለችኝ። ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ከዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አካባቢ ነው። የእኛ ቤት ወጥ ላይ ደግሞ ዘይት በማንኪያ ሳይሆን በዓይን ነው የሚለካው፣ የእናቴ ዓይን ደግሞ ቸር ነው። እሱን ብቻ ሳስተካክል ብዙ ነገር ተስተካከለ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ 63 ገባሁ።

ሰፈሩ ግን አልተደሰተም። «ምነው ከሳሽ? አመመሽ እንዴ?» ያላለኝ የለም። ባለ ሱቁ ሳይቀር ያልጠየቅኩትን ማር ጠቆመኝ። እኛ ጋ የከሳ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተቸግሯል።

በቃኝ አልኩ፣ 63 ይበቃኛል። ከእንግዲህ የሰውነቴን ክብደት ባለበት የሚያቆይ ያህል ልብላ ብዬ አሰላሁ፤ 1,900 ካሎሪ ገደማ መጣ። በጥር መጀመሪያ ከ1,400 ወደ 1,900 ወጣሁ። ደስ ሲል! ሙሉ እንጀራ በላሁ። ሽሮ እንደ ሰው በላሁ። ማታ ቆሎ ቆረጠምኩ። ጥምቀትም መጣና ዶሮ ወጥ ተጨመረበት። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ሚዛን ላይ ወጣሁ፤ 65.1።

ወርጄ እንደገና ወጣሁ። ሚዛኑን ወደ ሌላ ንጣፍ አዛወርኩት። ባትሪውን አወጣሁና መለስኩ። 65.1። በስድስት ቀን ሁለት ኪሎ! ሰባት ወር የለፋሁበት ነገር በአንድ ወር ተኩል ሊመለስ ነው ብዬ ደመደምኩ። በማግሥቱ የእህትሽ መልስ ነበር። የቀረውን ታውቂዋለሽ።

ከእህትሽ መልስ በቀረሁበት ቀን ማታ ቤታችን እንግዳ ነበረን። አጎቴ ለጥምቀት ከፍቼ መጥቶ አልተመለሰም። ከብት ነጋዴ መሆኑን ታስታውሻለሽ። ለምን ሠርግ ቤት እንዳልሄድኩ እናቴ ነገረችው። እሷ ታሪኩን ስትናገረው የእብድ ታሪክ ነው የሚመስለው።

«በሬ ሊሸጥ ሲል» አለኝ ጋሼ፣ «ተንኮለኛ ነጋዴ ማታ ጨው ያልሰዋል። ጠዋት ደግሞ ውሃ ያጠጣዋል። በሬው ሚዛን ላይ ሲወጣ ከብዶ ይገኛል። ገዢው ሞኝ ከሆነ ለውሃ የሥጋ ዋጋ ይከፍላል። ለመሆኑ አንቺ ምን ስትበዪ ሰነበትሽ?»

ሽሮውን፣ ዶሮውን፣ ቆሎውን ዘረዘርኩለት።

«በቃ፣ ጨው ልሰሻል» አለና ቡናውን ፉት አለ።

ያኔ ተናደድኩ። እኔን ከበሬ ጋር! ግን ማታ እንቅልፍ አልወስድ ሲለኝ ተነስቼ የውሃ ክፍያ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሒሳብ ሠራሁ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ነው ይባላል። እኔ የጨመርኩት በቀን 500 ነው። በስድስት ቀን 3,000። ይህ ሁሉ አንድም ሳይቃጠል ወደ ስብ ቢቀየር እንኳ ከ400 ግራም አያልፍም። የጥምቀቱን ዶሮ አብዝቼ አስቤ እጥፍ ባደርገው ኪሎ አይሞላም። ሚዛኑ ግን ሁለት ኪሎ ከመቶ ግራም ነው የሚለኝ። የቀረው ከየት መጣ? ጋሼ ልክ ነበር።

ያነበብኩትን በእኛ ቋንቋ ላስረዳሽ። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንች ስንበላ ሰውነታችን ከሚያገኘው ስኳር ከፊሉን ለነገ ብሎ ያስቀምጣል። ስሙ ግላይኮጅን ነው። ጉበት ውስጥ 100 ግራም ገደማ፣ ጡንቻ ውስጥ ደግሞ 400 ግራም አካባቢ ይይዛል። ይህ ነገር ደረቁን አይቀመጥም፤ እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ አቅፎ ነው የሚቀመጠው። ጎተራው ሙሉ በሙሉ ቢራቆትና ተመልሶ ቢሞላ ከነውሃው ሁለት ኪሎ ይመጣል ማለት ነው። እኔ ሰባት ወር ሙሉ በጎዶሎ ጎተራ ነበር የኖርኩት። ስበላ ሞላ። በመጀመሪያው የዳይት ሳምንት «ሁለት ኪሎ ቀነስኩ!» ብዬ የጨፈርኩበትም ይኸው ውሃ ነበር። ሲሄድ እልል ብዬ ሸኘሁት፣ ሲመለስ አለቀስኩ።

ጨው ሌላው ነው። ሽሮውም፣ ዶሮ ወጡም፣ በርበሬውም ጨው አላቸው። ጨው ሲበዛ ሰውነት ውሃ ይይዛል፣ ኩላሊት ትርፉን እስኪያስወጣ ጥቂት ቀን ይወስዳል። ከዚያ ደግሞ ሆድ ውስጥ ያለው ምግብ ራሱ አለ፤ ብዙ ከበላሽ ሳይወጣ ገና በመንገድ ላይ ያለው ይበዛል። እንጀራ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ለነገሩ ግማሽ ሊትር ውሃ ጠጥተሽ ሚዛን ላይ ብትወጪ ግማሽ ኪሎ ጨምረሻል፣ ስብ ግን አንድ ግራም አልጨመርሽም። ይህን ልጅም ያውቀዋል። እኔ ግን ሚዛኑ ላይ ስቆም ይጠፋብኛል።

የወር አበባ ሲደርስም እንደዚያው ነው። ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት እኔ አንድ ኪሎ ያህል እከብዳለሁ። ቀኑን ቆጥሬ ብመለከት፣ ያ የተረገመ 65.1 ከዚያም ጋር ነበር የተገጣጠመው። ሁሉም በአንድ ሳምንት!

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም። ሒሳቡን ሌሊት ሠርቼ ያመንኩትን ጠዋት ሚዛኑ ሲያስክደኝ፣ ወደ 1,200 ወረድኩ። በአራት ቀን 1.7 ኪሎ ቀነስኩ። «ተሳካ!» አልኩ። ምኑ ነው የተሳካው? ያው ውሃ ነው የወጣው። ከዚያ ሲርበኝ መልሼ በላሁ፣ ውሃው ተመለሰ፣ ደነገጥኩ፣ መልሼ ራሴን አስራብኩ። እስከ መጋቢት ድረስ እንዲህ ስዠዋዠው ከረምኩ። ሥራ ላይ ቁጡ ሆንኩ። ማታ ማታ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ የምግብ አሠራር ቪዲዮ አያለሁ። የማልበላውን ነገር አሠራር! ማኅበር ቀረሁ፣ ልደት ቀረሁ። «በሞቴ» የሚል ሰው ባለበት ቤት ሁሉ ላለመግባት ሰበብ ፈጠርኩ። ያንቺንም ስልክ ያላነሳሁት በዚህ መሀል ነው።

የቪዲዮው ነገር የእኔ ብቻ እብደት እንዳልሆነ በኋላ አነበብኩ። በፈረንጆቹ 1944 እና 1945 በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ አንሰል ኪስ የሚባል ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣቶችን ለስድስት ወር ያህል በግማሽ ጥጋብ አቆይቶ አጥንቷቸዋል። ጦርነት አንዋጋም ያሉና በምትኩ በፈቃዳቸው ጥናቱ ውስጥ የገቡ ነበሩ። ሰዎቹ የሚያወሩትም የሚያልሙትም ምግብ ሆነ። የምግብ አሠራር መጽሐፍ ይሰበስቡ ጀመር። ደግሞ ልብ በይ፣ ሥጋቸው እየሟሸሸ እግራቸው ግን በውሃ ያብጥ ነበር። ሰውነት ሲጎዳም ውሃ ይይዛል ማለት ነው። የእነሱ ረሃብ ከእኔ ዳይት ጋር አይወዳደርም፣ አውቃለሁ። ግን ሳነብ ራሴን አየሁት፣ ትንሽም ደነገጥኩ።

ከመጋቢት በኋላ ወደ 1,900 ተመልሼ ምንም ቢመጣ አልነካካም አልኩ። ጠዋት ሽንት ቤት ደርሼ፣ ምንም ሳልቀምስ እመዘናለሁ። የቀኑን ቁጥር እጽፈዋለሁ እንጂ አልፈርድበትም። እሁድ እሁድ የሰባቱን ቀን ደምሬ ለሰባት አካፍላለሁ። የማየው እሱን ብቻ ነው። በሚያዝያ አማካዩ 64.6፣ 64.4፣ 64.7፣ 64.5 ሆነ። በየቀኑ ያለው ግን አንዴ 63.8፣ አንዴ 65.4 ነው። አየሽ? እኔ የየዕለቱን እያየሁ ነበር የማብደው። አማካዩ በተከታታይ ለአራት ሳምንት ወደ ላይ ብቻ ቢሄድ፣ ያኔ በእውነት አብዝቼ በልቻለሁ ማለት ነው። ያኔ መቶ ሁለት መቶ ካሎሪ እቀንሳለሁ። እስካሁን አልሆነም። ወደ 63 ግን አልተመለስኩም፣ አንድ ኪሎ ተኩል አብሮኝ ቀርቷል። ይኑር። ደረጃ ስወጣ ጉልበት የሚሰጠኝ እሱ ይመስለኛል።

ፋሲካን ሆን ብዬ መፈተኛ አደረግኩት። የሑዳዴን 55 ቀን ጾሜ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት 64.2። ሌሊት ፈሰክን፤ ዶሮው፣ ዓይቡ፣ በማግሥቱ ጥብሱ፣ ጠላው። ምንም አልመዘንኩም፣ በሞቴ ያለኝን ሁሉ ጎረስኩ። ማክሰኞ ጠዋት 66.1! ልቤ አንዴ ዘለለ፣ አልዋሽሽም። ሚዛኑን አልጋ ሥር ገፋሁት። በዘጠነኛው ቀን 64.4 ነበርኩ፣ ምንም ሳልቀንስ፣ እንደወትሮዬ በልቼ። ለጋሼ ደውዬ ነገርኩት። «በሬዋ ውሃዋን ሸናች» አለኝ። ምን ታደርጊዋለሽ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ይህ የምነግርሽ ጤነኛ ለሆነ ሰው ነው። እናትሽ እትዬ ደም ግፊት እንዳለባቸው አውቃለሁ፣ ልባቸውንም ይከታተሉ ነበር። ለእሳቸው ድንገት ክብደት መጨመር ሌላ ነገር ነው። ልብ ድካም ያለበት ሰው በሁለት ቀን ሁለት ኪሎ ከጨመረ፣ እግሩ ካበጠ፣ ሲተኛ ትንፋሽ ካጠረው፣ ውሃ ነው ተብሎ አይታለፍም። የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ነው። እህትሽ አጠገባቸው ስላለች አስታውሻት።

አንቺ መጀመር ከፈለግሽ ጀምሪ፣ አልከለክልሽም። በእርግጥ ባለፈው ከላክሽው ፎቶ ምንም የሚቀነስ አላየሁብሽም፣ ግን ጉንጭሽን የምወደው እኔ ነኝና ምስክርነቴ አይቆጠር። ስትጨርሺ ብቻ ደውዪልኝ። በስድስተኛው ቀን ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ሲልሽ የውሃ ደረሰኙን ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ፣ አስቀምጬዋለሁ።

እህትሽ ጋ ቅዳሜ እሄዳለሁ። በጥር የገዛሁላት ስጦታ እስከ ዛሬ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው፣ የሚያምር የፈትል ጋቢ። ጠልታኝ ከሆነ ከበር ትመልሰኝ። ካልመለሰችኝ ምሳ እዚያው ነው የምበላው። ስለ ጉንፋኑ ግን አንቺ እንዳትነግሪያት፣ እኔው ራሴ እነግራታለሁ።

መብራት መጣ። ልጨርስ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር ፎቶ ላንሳው።

የአንቺው