እጅ የተጨመረበት ሮቦት ሌላ ሮቦት ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡራን አዘጋጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

በሰሜን ሸዋ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት በየትምህርት ቤቱ ክበብ ሮቦት የሚሠሩ ተማሪዎች አሉ። ሁለት ጎማ ያለውን ትንሽ ሮቦት መስመር ማስከተልና እንቅፋት ማስዞር አያቅታቸውም። ችግሩ የሚመጣው ዕቃ የሚያነሳ መጨበጫ ሲጨመርበት ነው። ትናንት ሲሽከረከር የዋለው ሮቦት ዛሬ ባለበት ቆሞ ይንቀጠቀጣል፣ አለዚያም በአፍንጫው ይደፋል። ወዲያው ጥፋቱ በፕሮግራሙ ይሳበብና ልጆቹ ደህናውን ኮድ ሲያፈርሱና ሲጠግኑ ሳምንት ያልፋል። ይህን የምንጽፈው ክበቦቹን ለሚመሩ መምህራንና የዕቃ ግዥ ለሚያጸድቁ ኃላፊዎች ነው። መጨበጫ በአራት ብሎን ታስሮ የሚያልቅ ተቀጥላ አይደለም። የሮቦቱን የኃይል አቅርቦት፣ ሚዛኑንና ፕሮግራሙን ሦስቱንም ይለውጣል።

ከሁሉ በፊት የኃይሉ ነገር። ለመጨበጫ በብዛት የሚገዛው ባለ ብረት ጥርስ ሰርቮ ሞተር (በታዘዘበት ማዕዘን ሄዶ የሚቆም ሞተር)፣ ኤምጂ 996አር የሚባለው፣ በ6 ቮልት ሲሠራ መንጋጋው ታግዶ መዞር ካቃተው እስከ 2.5 አምፒር ይስባል። ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ቦርድ፣ አርዱዊኖ ኡኖ፣ ከኮምፒውተር በዩኤስቢ ሲሠራ ደግሞ ቦርዱ ላይ ያለው ፊውዝ የተመደበው ለ500 ሚሊአምፒር ነው። ሰርቮውን ከአርዱዊኖው የ5 ቮልት መውጫ ላይ መሰካት የሠርግ ታዳሚን በአንዲት ጀበና ለማስተናገድ መነሳት ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ መንጋጋው መዝጋት ጀምሮ መሃል ላይ ይቀራል፣ ጎማዎቹ ይቆማሉ፣ ቦርዱ ላይ «ኤል» የተጻፈባት ትንሽ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች፣ ከዚያ ፕሮግራሙ ሀ ብሎ ይጀምራል። ያቺን መብራት ያየ ሰው ኮዱን መንካት የለበትም። ቦርዱ ቮልቴጅ አጥሮት ወድቆ መነሳቱን እየነገረችው ነው። የጎማ ሞተሮቹን የሚነዳው የኤል 298ኤን ቦርድም 5 ቮልት የሚያወጣ ጫፍ አለው፤ እሱም ለአርዱዊኖው ራሱ እንጂ ለትልቅ ሰርቮ የሚበቃ አይደለም።

ትክክለኛው መንገድ ሰርቮውን በራሱ መስመር መመገብ ነው። ሁለት 18650 የሊቲየም ባትሪዎች በተከታታይ ሲያያዙ 7.4 ቮልት ይሰጣሉ፤ ሙሉ በሙሉ ሲሞሉ 8.4 ይደርሳሉ። ሰርቮው የሚችለው እስከ 7.2 ስለሆነ በቀጥታ አይሰካም። በመሃል ኤልኤም 2596 የተባለው የቮልቴጅ መቀነሻ ይገባል። ሰርቮው ሳይሰካ፣ ውጤቱን በመልቲሜትር እየለኩ፣ መቀነሻው ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ አዙሮ 5 ቮልት ላይ ማቆም ነው። «6 ቮልት ቢሆን ጉልበቱ አይጨምርም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይጨምራል፤ ግን ባትሪዎቹ እየደከሙ 6.6 ቮልት ላይ ሲደርሱ መቀነሻው ለራሱ ከአንድ ቮልት በላይ ስለሚፈልግ 6ን ጠብቆ ማውጣት አይችልም። ጠዋት የጨበጠው እጅ ከሰዓት ይለቃል። 5 ቮልት ግን እስከ መጨረሻው ይዘልቃል።

ከሰርቮው አጠገብ ባለ 1000 ማይክሮፋራድ፣ 16 ቮልት ካፓሲተር ይታሰር። ሰርቮው ሲነሳ የሚውጠውን ድንገተኛ ኃይል የሚያቀብለው እሱ ነው። ጎኑ ላይ ነጣ ያለ መስመር የተሰመረበት እግር ወደ ኔጌቲቭ ይሄዳል፤ ተገልብጦ ከተሰካ ያብጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል። የሰርቮው ቀይ ሽቦ ወደ መቀነሻው ፖዘቲቭ፣ ብርቱካናማው ወደ አርዱዊኖው የትእዛዝ ጫፍ ይገባል። ቡናማው ወደ መቀነሻው ኔጌቲቭ ይሄዳል፣ ያው ኔጌቲቭ ደግሞ ከአርዱዊኖው ግራውንድ ጋር የግድ ይገናኛል። ይህቺ አንዲት ሽቦ ከተረሳች ሰርቮው ትእዛዙን የሚያነጻጽርበት መነሻ ስለሌለው እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል።

ሰርቮ ሲመረጥ በግምት ሳይሆን በስሌት ይሁን። ሮቦቱ 200 ግራም የሚመዝን የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ያነሳል እንበል። ዕቃው እንዳይወድቅ የሚያደርገው በሁለቱ መንጋጋዎች በኩል ያለው ሰበቃ ነው። መንጋጋው ላይ ጎማ ተለጥፎ የሰበቃው ልክ 0.4 ቢሆን፣ 200ን ለ2 ጊዜ 0.4 ስናካፍል እያንዳንዱ መንጋጋ በ250 ግራም መጫን አለበት። ከመዞሪያው እስከ ሽንኩርቱ 8 ሴንቲሜትር ከሆነ አንዱ መንጋጋ 2 ኪሎግራም-ሴንቲሜትር፣ ሁለቱ አብረው 4 ይፈልጋሉ። ትንሿ ሰማያዊ ሰርቮ፣ ኤስጂ 90፣ ያላት 1.8 ገደማ ስለሆነ ገና ከመነሻው አትችልም። ኤምጂ 996አር በ4.8 ቮልት 9.4 አለው፣ እጥፍ መጠባበቂያ ይዞ ይሠራል። አሁን የመንጋጋው ጎማ ይነሳና የሽንኩርቱ ደረቅ ልጣጭ ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ ያዳልጥ፤ ሰበቃው ወደ 0.2 ቢወርድ የሚፈለገው ጉልበት 8 ይሆናል፣ መጠባበቂያውም አለቀ። ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ የውስጠኛው ላስቲክ ተቆርጦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሻከር ተደርጎ የተለጠፈ ሁለት ቁራጭ ሌላ ሰርቮ ከመግዛት ያድናል።

ወደ ገጠማው ስንመጣ፣ ብዙ ሰርቮ የሚቃጠለው እዚህ ነው። ሰርቮው ከመንጋጋው ጋር የሚያያይዘው ክንፉ ገና ሳይገባለት ከአርዱዊኖው ጋር ተያይዞ ወደ 90 ዲግሪ መታዘዝ አለበት። መንጋጋው በእጅ ግማሽ ያህል ተከፍቶ ይያዛል፣ ክንፉ የሚገባው ያኔ ነው። ሳይታዘዝ የተገጠመ ሰርቮ ኃይል እንዳገኘ ወደማያውቁት ማዕዘን ይወረወራል፤ መንጋጋው ከብረቱ ጋር ተጋጥሞ ያጉረመርማል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ሽፋኑ በእጅ የማይነካ ይሆናል። የመንጋጋዎቹ መዞሪያ ብሎኖች ባለ 3 ሚሊሜትር ሆነው፣ በመሃላቸው ሮንዴላ፣ በጀርባቸው ፕላስቲክ ያለበት የማይፈታ ዳዶ ይኑራቸው። ዳዶው እስከ መጨረሻው ከጠበቀ በኋላ ሩብ ዙር ይላላ። መንጋጋው በአንድ ጣት ሲገፋ የሚሄድ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀነቅ ግን የማይወዛወዝ ከሆነ ልኩ ያ ነው። ሁለቱ ጥርሳም ክፍሎች ሲጋጠሙም ጥርስ ይቆጠር። አንድ ጥርስ ከተዛነፈ አንዱ መንጋጋ ቀድሞ ደርሶ ዕቃውን ወደ ጎን ይገፋዋል።

ሚዛኑ ደግሞ እንዲህ ነው። ሮቦቱ 600 ግራም ቢመዝን፣ የክብደቱ መሃል ከጎማዎቹ ዘንግ 4 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ቢሆን፣ ወደ ኋላ የሚይዘው፣ ክብደቱ በርቀቱ ሲባዛ፣ 2400 ግራም-ሴንቲሜትር ነው። መጨበጫው ከነሰርቮው 125 ግራም ሆኖ ከዘንጉ 7 ሴንቲሜትር ፊት፣ ሽንኩርቱ 14 ሴንቲሜትር ፊት ላይ ቢሆን፣ ወደ ፊት የሚስበው 875 እና 2800፣ በድምሩ 3675 ይሆናል። ይደፋል። 100 ግራም የሚሆነውን የባትሪ ቤት ከነባትሪው ካለበት 7 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ብንገፋው የኋላው ወደ 3100 ያድጋል፣ አሁንም አይበቃም። መጨበጫውን ደግሞ ከአካሉ ፊት ከማንጠልጠል ወደ ላይኛው ወለል አውጥተን 3 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ብናመጣው የፊቱ 2700 ይሆናል፤ ሮቦቱ ቆመ። ትርፉ ትንሽ ስለሆነ ግን ጎማዎቹ በአንዴ ቀጥ ብለው መቆም የለባቸውም፣ ፍጥነታቸው በደረጃ ይቀንስ።

አሁን ፕሮግራሙ። የአርዱዊኖው የሰርቮ ላይብረሪ፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የሚመጣው የሰርቮ ኮድ፣ ኡኖ ላይ አንድ ሰርቮ እንኳ ሲጠራ በ9 እና በ10 ቁጥር ጫፎች ላይ የሚሠራውን የፍጥነት መቆጣጠሪያ ይዘጋል። የጎማ ሞተሮቹ ፍጥነት በእነዚህ ጫፎች የተያዘ ከሆነ ሰርቮው በተጨመረበት ቀን ጎማው ይበላሻል። ሞተሩ ተቃጠለ ተብሎ ይጣላል፣ ምንም ያልሆነ ሞተር። ፍጥነቱን ወደ 5 እና 6 ማዛወር በቂ ነው። በብሉቱዝ ለሚነዱትም ሶፍትዌር ሲሪያል የሚባለው ላይብረሪ ለሰርቮው የሚላከውን የትእዛዝ ምት ስለሚያቋርጥ መንጋጋው እየተንቀጠቀጠ ያስቸግራል።

የመክፈቻና የመዝጊያ ልክ ከሌላ ሰው ኮድ አይቀዳም። የምቱን ርዝመት በማይክሮሰከንድ በሚወስነው፣ ራይት ማይክሮሰከንድስ በሚባለው ትእዛዝ ከ1500 ተነስቶ በየ20 እየጨመሩ መንጋጋዎቹ ሊነካኩ እስኪሉ መሄድ፣ ሰርቮው ማጉረምረም ሲጀምር 30 ያህል መልሶ ያንን ቁጥር መጻፍ፤ ለመክፈቻውም በሌላው አቅጣጫ እንዲሁ። አሥር ማይክሮሰከንድ አንድ ዲግሪ ገደማ ነው። ሲዘጋ በአንድ ትእዛዝ መጨረሻው ላይ አይወርወር፤ በየ15 ሚሊሰከንዱ አንድ ዲግሪ ይሂድ። ይህን በዲሌይ፣ ፕሮግራሙን ባለበት በሚያቆመው ትእዛዝ፣ የሚያደርግ ፕሮግራም መንጋጋው እስኪዘጋ ጎማውንም ሴንሰሩንም ይረሳል፤ ሚሊስ በተባለው ትእዛዝ ጊዜ እየቆጠረ በየተራ ያስተናግዳቸው። ፕሮግራሙ ሲነሳ ደግሞ ሰርቮውን ከጫፉ ጋር ከሚያገናኘው ትእዛዝ፣ ከአታች፣ በፊት ማዕዘኑን የሚነግረው ራይት ይጻፍ፣ ሰርቮው መጀመሪያ የሚሰማው ትእዛዝ እኛ የምንፈልገው እንዲሆን።

ተራ ሰርቮ ዕቃ ይዟል አልያዘም አይናገርም፤ የታዘዘበት ማዕዘን ለመድረስ ዝም ብሎ ይገፋል። ስለዚህ ሽንኩርቱን ከነካ በኋላ ከሁለት ከሦስት ዲግሪ በላይ እንዳይጨምር የሚነግረው ነገር ያስፈልጋል። ቀላሉ መንጋጋው ውስጥ ከላስቲኩ ጀርባ የምትቀመጥ ትንሽ መጫኛ ማብሪያ ናት። ሌላው በሰርቮው ቀይ ሽቦ ላይ የሚስበውን አምፒር የሚለካ ሴንሰር፣ ኤሲኤስ 712 ባለ 5 አምፒሩን፣ ማስገባት ነው፤ ለእያንዳንዱ አምፒር 185 ሚሊቮልት ይለዋወጣል። ሰርቮው ሲነሳ የሚስበው ለአጭር ጊዜ ከፍ ስለሚል የመጀመሪያዎቹ 200 ሚሊሰከንዶች ይዘለሉ፣ ከዚያም የ20 ንባብ አማካይ ይወሰድ።

በተለይ ለእኛ አካባቢ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ርቀት የሚለካው ኤችሲ-ኤስአር04 በድምፅ ነው የሚሠራው፣ የድምፅ ፍጥነት ደግሞ በሙቀት ይለወጣል። 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ የደብረ ብርሃን ማለዳ በሰከንድ 334 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ 35 ዲግሪ በሆነ የሸዋ ሮቢት ቀትር 352 ገደማ ይደርሳል። ልዩነቱን የሚያመጣው ቅዝቃዜው ነው፣ ከፍታው አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ የተስተካከለ ሮቦት ጣርማ በርን ወርዶ ቆላ ሲደርስ 20 ሴንቲሜትር የራቀውን ዕቃ 19 ብሎ ያነባል። ከዚያ ርቀት ላይ ለክቶ የቀረውን በጊዜ ቆጥሮ የሚነዳ ፕሮግራም ዕቃው ጋ ሳይደርስ አየር ይጨብጣል። እስከ መጨረሻው እየለካ የሚቀርብ ግን 4 ሴንቲሜትር ላይ ስህተቱ 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሴንሰሩ ከ2 ሴንቲሜትር በታች ስለማያይ ከመንጋጋው ጫፍ ወደ ኋላ ገባ ብሎ ይታሰር፣ በሁለት ልኬት መካከልም 60 ሚሊሰከንድ ይኑር።

ከዚሁ ጋር፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሊቲየም ባትሪ አቅሙ ይቀንሳል፣ ከዜሮ በታች ደግሞ ቻርጅ አይደረግም። ማታ ክበቡ ክፍል ውስጥ ያደረ ባትሪ ጠዋት ወዲያው ቻርጀር ላይ አይውጣ፣ ክፍሉ ሞቅ ሲል መጀመሪያ አብሮ ይሙቅ። ቆላ ላይ ደግሞ በሦስት አቅጣጫ (3ዲ) ማተሚያ በፒኤልኤ ፕላስቲክ የታተመ መንጋጋ ፀሐይ በሚመታው መኪና ውስጥ ከተተወ ይጣመማል፤ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል።

ግዥ የምታጸድቁ ኃላፊዎችን የምንጠይቀው ይህን ነው። በጥያቄ ቅጹ ላይ «መጨበጫ ከነሰርቮው 1» ከሚለው መስመር ሥር የቮልቴጅ መቀነሻ 1፣ ባለ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር 2፣ 18650 ባትሪ 2 ከነቤቱና ከነቻርጀሩ፣ የማይፈታ ዳዶ ባለ 3 ሚሊሜትር 10፣ መጫኛ ማብሪያ 2 ተብሎ ይጨመር። ክበቡ መልቲሜትር ከሌለው እሱ ከመጨበጫው በፊት ይገዛ።

ከአክብሮት ጋር
የተማሪዎች ሮቦቲክስ ክበብ አሠልጣኞች
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ