የምግብ ደህንነት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የክበባችን ስም በሰልፍ ላይ ሲጠራ ምግብ የሚቀመስበት መስሎት የተመዘገበ ተማሪ ብዙ ነበር። የሚቀመስ ነገር ሲታጣ ግማሹ ቀረ፤ ከቀሪዎቹ ጋር ግን ጥሩ ዓመት አሳለፍን።

እዚህ የካ አባዶ ብዙው ቤት በርበሬውን ገዝቶ ያስፈጫል፤ ባዕድ ነገር መቀላቀል ለልጆቹ የሬዲዮ ወሬ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ብርጭቆ ውሃ ላይ በርበሬ ነስንሰን ዝቃጩን አየን። የተፈጨ ሸክላ ወይም አፈር ካለበት ቶሎ ይሰምጣል፤ በጣት ሲታሽም ይኮሰኩሳል። ለማነጻጸሪያ ራሳችን ሸክላ የቀላቀልንበትን ብርጭቆ ልጆቹ ከሩቅ ለዩት።

ቅቤ ላይ ነገሩ ተወሳሰበ። አዮዲን ጠብ ሲደረግበት ድንች ወይም ዱቄት ካለው በውስጣቸው ባለው ስታርች ምክንያት ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። ይህን ሳሳይ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «ሙዝ ቢሆንስ?» አለች። የበሰለ ሙዝ ስታርቹ በአብዛኛው ወደ ስኳር ስለተለወጠ አዮዲኑ ያን ያህል አያጋልጠውም። የቀሪው ዓመት ሥራችን ከዚህች ጥያቄ ወጣ።

እ.ኤ.አ. በ2008 ቻይና ውስጥ የሆነውም ይኸው፣ ምርመራው የማያጋልጠውን መጨመር ነው። ወተት በውሃ አቅጥነው ሜላሚን የሚባል የፕላስቲክ መሥሪያ ኬሚካል ጨመሩበት። ምርመራው ፕሮቲንን የሚገምተው በናይትሮጅን መጠን ነበር፤ ሜላሚን ደግሞ ናይትሮጅን የሞላው ነው። ወተቱ ፈተናውን አለፈ፤ ወደ 300,000 ሕፃናት ታመሙ፣ 6 ሞቱ። አታላዮቹ መመርመሪያውን ከመርማሪዎቹ እኩል ያውቁት ነበር።

ትርፍ ሳይሆን ጉዳት የሚፈልግም አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ የአንድ የእምነት ቡድን አባላት ምግብ ቤቶች ውስጥ ተመጋቢው ራሱ የሚያነሳውን ሰላጣ ሳልሞኔላ በሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ በክለው 751 ሰው አሳምመዋል። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ደንብ ትልልቅ ፋብሪካዎች ሥራቸውን ደረጃ በደረጃ ፈትሸው ክፉ እጅ ሊገባ የሚችልበትን ቦታ እንዲለዩና እንዲጠብቁ ያስገድዳል።

እኛም ይህንኑ ለበርበሬ ሞከርነው፤ ከገበያ እስከ ድስት ያለውን መንገድ በትልቅ ወረቀት ሳልን። ክርክሩ የጦፈው ወፍጮ ቤት ላይ ነው። ገሚሱ «እናቴ ቆማ እያየች ምን ይገባበታል?» ሲል፣ ሌላው ወረፋ በበዛ ቀን ማዳበሪያው አፉን ከፍቶ ደጅ እንደሚውል አስታወሰ። እኔ ለሁለተኞቹ ፈረድኩ።

ወረቀቱ ቤተ ሙከራው በር ላይ ተለጥፏል። ለሚቀጥለው ዓመት ወተት ውስጥ የገባ ውሃ የሚያሳብቅ ላክቶሜትር እንዲገዛልን ለወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት (ወተመህ) አመልክተናል። ስኳር ከተጨመረበት እሱም እንደሚታለል ግን ከወዲሁ ተነግሮኛል።