የትኛው ፖሊስ ጋር ነው የሚኬደው?

ሰላም ለአዘጋጁ፣ የወንጀል ዜና ሁሌ ታወጣላችሁ ግን ፖሊስ ራሱ እንዴት እንደተዋቀረ አንዴ ጻፉልን እስቲ፣ እዚህ ድሬ ሰዉ በጣም ተምታቶበታል። በቀደም ጎረቤቴ የባጃጁን ባትሪ ተሰርቆ መንገድ ላይ ያገኛቸው ፌደራሎች ጋር ሮጠ፣ እነሱ የከተማው ፖሊስ ጣቢያ ሂድ አሉት፣ እዛ ሲደርስ መሽቷል፣ ሌባውማ የት ተገኝቶ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1934 በወጣው አዋጅ የአገሪቱ ፖሊስ አንድ ሆኖ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ስር ነው የተቋቋመው፣ ከአዲስ አበባ የታዘዘው እስከ ታች ይወርዳል። ከ1987ቱ ሕገ መንግስት ወዲህ ግን ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ ማደራጀት ቻሉ (አንቀጽ 52)፣ ሐረር የራሷ አላት፣ ድሬም የራሷ፣ ፌደራሉ ደግሞ በፌደራል ፍርድ ቤት ስልጣን ስር ያሉትን ይመረምራል፣ ለምሳሌ የሐሰት ብር፣ በሕገ መንግስቱ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ምናምን። የባትሪ ሌባ ግን የከተማው ፖሊስ ስራ ነው!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደሞ የ48 ሰዓቱ ነገር ነው። የያዘህ የትኛውም ፖሊስ ይሁን፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ሊያቀርብህ ግዴታው ነው፣ ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 19 ላይ ተጽፏል፣ ከዚራ ሻይ ቤት ብትጠይቁ ግን ብዙው ሰው አያውቀውም፣ እናቶች ልጃቸው ሲታሰር ስንቅ ይዘው በር ላይ ይቆማሉ እንጂ ምን ብለው እንደሚጠይቁ የነገራቸው የለም። ይሄንን በትልቁ አትሙልን፣ ከጎኑም የየሰፈሩን ጣቢያ ስልክ አድርጉበት።

አንባቢያችሁ፣ ከሳቢያን