ክብርት ተወካያችን፣ መንገዱ ክረምቱን ችሎታል፤ እናመሰግናለን

ይድረስ ለክብርት የክልል ምክር ቤት ተወካያችን፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ክረምቱን በሰላም ወጣን። ያውም እግራችን ሳይርስ። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ለዚሁ ነው።

ስምዎን አልጻፍንም። «ስሜ ከተጠራ ሥራው የእኔ ብቻ ይመስላል» ብለው ስለለመኑን እሺ ብለናል። ዝም በሉ ቢሉን ግን እሺ አንልም ነበር።

አካባቢውን ለማያውቅ ትንሽ እንናገር። ቀበሌያችን ፎገራ ውስጥ ናት። ከወረታ ወደ ጣና ሲወርዱ፣ ሜዳው አልቆ ውኃው ሊጀምር ሲል እኛን ያገኙናል። ርብና ጉማራ ከደጋው ያመጡትን ውኃ ይዘው ሐይቁ የሚገቡት በዚሁ ሜዳ ነው። ነሐሴ ላይ ወንዞቹ ከላይ ይሞላሉ፣ ሐይቁ ከታች ያብጣል። መሐል ያለነው እኛ ነን። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ዛሬም ሰማዩ ሲጠቁር እህሉን ወደ ቆጥ ያወጣል። ውኃውን ግን አናማም። ሩዛችን የሚበቅለው በሱ ነው። የፎገራ ከብትም ረግረጉን ለምዶታል። ያልለመደው ሰው ነው።

መሬቱ ዋልካ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ዝናብ ሲነካው ጫማ ነጥቆ ያስቀራል፤ አህያ እስከ ሆዷ ትሰምጣለች። ከሁለት ክረምት በፊት አንዲት ወላድ ምጥ ይዟት በቃሬዛ ወጣች። ውኃው ደረት ሲደርስ ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ከትከሻቸው ወደ ራሳቸው አነሱት። ከፊት ያለው ጎረምሳ ጥልቀቱን በዱላ እየለካ «ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ!» ይላል። እናቷ ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ ከኋላ ትከተላለች። አምቡላንሱ አስፋልቱ ላይ መብራቱን እያብለጨለጨ ይታያል፤ ግን መቅረብ አይችልም። እናትም ልጅም ተርፈዋል። ልጁ አሁን ዶሮ ያባርራል። ሁሉም እንደዚህ አልቀናቸውም፤ እርስዎ ስለሚያውቁት አንዘረዝረውም።

እርስዎ የመጡት በዚያው ክረምት ነው። ይህን አንረሳውም። እኛ ጋ እንግዳ የሚመጣው በጥር ነው። በጥር ሜዳችን ኳስ ሜዳ ነው፤ «እናንተ ደግሞ ምን ጎደላችሁ?» ያሰኛል። እርስዎ ግን የሰው ቦት ጫማ ተውሰው፣ ያውም የሰፋዎትን፣ እስከ ትምህርት ቤቱ በእግርዎ ገቡ። ልጆቹ ጠረጴዛ ላይ ወጥተው ሲማሩ አዩ። ንግግር አላደረጉም። የመንገዱን ጥናት ወረቀት ኮፒ ጠይቀው ይዘው ሄዱ።

ያች ኮፒ ጠቀመችን። በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት «ፋይላችሁ የለም» አለን። እርስዎ ከቦርሳዎ አወጡት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። «ተወካይዋ ብር አመጡልን» የሚል ሰው ብዙ ነው። ብሩ የመንግሥት ነው፤ የመንግሥት ማለት ደግሞ ግብር የከፈለው ሕዝብ ማለት ነው። አንድ ተወካይ ብቻውን በጀት አይመድብም። ከፌዴራል በድጎማ የሚመጣውን ክልሉ ከራሱ ገቢ ጋር ደምሮ፣ ባሕር ዳር ላይ ምክር ቤቱ ያጸድቀዋል። ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል። ወረዳ ሲደርስ አብዛኛው ደመወዝ ነው። ለካፒታል፣ ማለትም ለግንባታ ሥራ፣ የምትተርፈውን ጥቂት ሁሉም ቀበሌ አፉን ከፍቶ ይጠብቃታል። የእኛም የመንገድ ጥያቄ በየዓመቱ «በቀጣዩ ዕቅድ ይያዛል» እየተባለ ሲንከባለል ኖሯል። እርስዎ ጉባኤ ላይ አነሱት። «ይታያል» የሚል መልስ ሲሰጥዎት ግን አልተቀመጡም። መቼ ይታያል? ማን ያየዋል? ብለው ጠየቁ። ዓመቱን ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ተከታተሉት።

ብሩ ከተፈቀደ በኋላ ያደረጉት ደግሞ ከዚያ ይበልጣል ባዮች ነን። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ሐምሌ ላይ ዋልካ ውስጥ ማን ማሽን ያስገባል? ሰው ክረምቱን ይጠብቃል። ከዚያ ጨረታ ሲወጣ፣ ሲገመገም፣ ውል ሲፈረም በጋው ይጋመሳል። ኮንትራክተሩ ዕቃ አጓጉዞ ሥራ ጀመርኩ ሲል ዝናቡ ከተፍ ይላል። ያልተሠራበት ብር ሰኔ 30 ተመላሽ ይሆናል። በዚህ ሜዳ ስንት ሥራ እንዲህ በወረቀት ቀርቷል! እርስዎ «ጨረታው በክረምቱ ይለቅ» ብለው ሙጭጭ አሉ። መንገድ በሚዘጋባቸው ቀናት እንኳ ኃላፊዎቹን በስልክ አልለቀቋቸውም። ኅዳር ላይ መሬቱ ሲጠነክር ማሽኑ ደጃችን ቆሞ ነበር። ከተመሰገኑ በዚህ ይመስገኑ።

ሥራው ራሱ በአጭሩ ይህ ነው። ዋልካው ተቆፍሮ ወጣ፣ ገረጋንቲ ተሞላ፣ ተጠቀጠቀ። ሦስት ቦታ ካልቨርት፣ ማለትም ውኃ በመንገዱ ሥር የሚያልፍበት ማሳለፊያ፣ ገባ። ትምህርት ቤቱ ከፍ ባለ መሠረት ላይ አዳዲስ ክፍሎች አገኘ። የእጅ ፓምፑም ጎርፉ ከሚደርስበት በላይ ተተከለ።

ምስጋናውን ለእርስዎ ብቻ ብናደርገው ይቆጡናል። ከሩዝ ማሳቸው ዳር ቆርሰው ለመንገዱ የለቀቁ ገበሬዎች አሉ። እኛ አገር መሬት ቆርሶ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። ግሬደር ነጂው ወባውን ችሎ ድንኳን ውስጥ ከርሟል። የወረዳው መሐንዲስ በደንብ ያልተጠቀጠቀውን እንደገና አስፈርሶ አሠርቷል፤ ያኔ ያማነው ሰዎች ዛሬ እናመሰግነዋለን። እናቶቻችን ደግሞ ለሠራተኛው ሩዝና ጤፍ የቀላቀለ እንጀራ ሲያቀርቡ ከረሙ። ድንጋይ በማመላለስ ትከሻው ያበጠው ወጣትማ ስሙ አያልቅም።

አንድ ነገር ቀርቷል። በምስጋና ደብዳቤ ላይ አቤቱታ መጻፍ ነውር ነው ያሉን ሽማግሌዎች አሉ። እርስዎን ስለምናውቅ ጻፍነው። ሐይቁ ዳር ያለው ሦስተኛው ካልቨርት ጠቧል። ነሐሴ ላይ ውኃው አልፎት በላዩ ፈሷል፤ የመንገዱንም ትከሻ ትንሽ ገምሷል። የወረዳው መሐንዲስ አይቶ፣ አጠገቡ ሌላ መጨመር አለበት ብሎ ጽፏል። የደብዳቤውን ኮፒ ከዚህ ጋር አያይዘናል። በዚህ በጋ ካልተሠራ የሚመጣውን ክረምት እንፈራለን። ቦዩን መጥረግና ደለሉን ማውጣት የእኛ ድርሻ ነው፤ ተራ አውጥተን ጀምረናል።

ሩዙ በኅዳር ይታጨዳል። ያኔ ይምጡ። ቦት ጫማ አያስፈልግዎትም፤ መኪናዎ ቤታችን ድረስ ይገባል። ሦስተኛውን ካልቨርት ግን ወርደው በእግርዎ እንዲያዩት እንፈልጋለን።

ከአክብሮት ጋር፤
የቀበሌው ነዋሪዎች የመንገድና የውኃ ኮሚቴ
ጣና ዳር፣ ፎገራ